ዕጢው ይውጣ፣ ነርቩ ይቆይ

ጆሮ ስጡኝማ። ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1981 ነው፤ ወሩ ፌብሩዋሪ፣ ቀኑ 13፣ ዕለቱም አርብ። አገሩ ሆላንድ፣ ከተማው ላይደን። ፓትሪክ ዋልሽ የሚባሉ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም ለስብሰባ መጥተው እዚያው ከተማ ይገኛሉ። ሰውየው ባልቲሞር በሚገኘው በጆንስ ሆፕኪንስ የዩሮሎጂውን ክፍል ይመራሉ፤ ሥራቸው በካንሰር የተያዘ ፕሮስቴት ማውጣት ነው። በዚያ ዘመን ፕሮስቴቱ የወጣለት ወንድ ከሞት ቢተርፍም፣ ከሚስቱ ጋር እንደ ቀድሞው መሆን አበቃለት ማለት ነበር። ብዙዎቹ ሐኪሞች ይህን የማይቀር ዕዳ አድርገው ይዘውታል። ብልትን የሚያዝዘው ነርቭ በፕሮስቴቱ ውስጥ ነው የሚያልፈው፣ ፕሮስቴቱ ሲወጣ እሱም አብሮ ይወጣል፣ ምን ይደረግ ይላሉ።

ዋልሽን ግን አንድ ነገር ከንክኗቸዋል። በ1977 ቀዶ ያደረጉለት አንድ ሰው ለክትትል ሲመጣ፣ ምንም እንዳልጎደለበት ነግሯቸው ነበር። ነርቩ በእርግጥ በፕሮስቴቱ ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ ይህ ሰው እንዴት ተረፈ? አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሌላ ሐኪም ቢሆን ዕድለኛ ነው ብሎ ያልፈው ይሆናል። እርሳቸው ግን ነገሩን ይዘውት ከረሙ።

ላይደን ውስጥ ደግሞ ፒተር ዶንከር የሚባሉ ጡረታ የወጡ የዩሮሎጂ ፕሮፌሰር አሉ። ጡረታ ወጡ እንጂ ቤት አልዋሉም። ወደ አናቶሚ ክፍል እየሄዱ፣ ሞተው የተወለዱ ሕፃናትን አስከሬን ከፍተው፣ ወደ ፊኛ የሚሄዱትን ነርቮች አንድ በአንድ ይከተላሉ። ለምን ሕፃናት ትሉ ይሆናል። የአዋቂ አስከሬን በመድኃኒት ደርቋል፣ በስብም ተሸፍኗል፤ ነርቩን ከሌላው ሥጋ መለየት ዓይን ያደክማል። የሕፃን ስብ ግን ጥቂት ነው፤ ነርቮቹም ከአካሉ መጠን ጋር ሲተያዩ ወፈር ያሉ ናቸው። ዋልሽ ይህን ሲሰሙ፣ ወደ ወንድ ብልት የሚሄዱትስ ነርቮች የት ናቸው ብለው ጠየቁ። ዶንከር እነዚያን ፈልገው አያውቁም። ሽማግሌውና እንግዳው ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ፒንሳና መቀስ አነሱ። ጥቂት ሰዓታት አለፉ። ነርቮቹ ሲገለጡ በፕሮስቴቱ ውስጥ የሉም። ከሽፋኑ ውጭ፣ በግራና በቀኙ ጎን ይወርዳሉ።

ይህን ሁሉ ዘመን ነርቩ የተቆረጠው እንግዲህ መንገዱ ስላልታወቀ ነው። መቆረጡ ግዴታ ሆኖ አያውቅም።

ዋልሽ ወደ ባልቲሞር ተመለሱ። በሕይወት ባለ አዋቂ ሰው ላይ እነዚያን ቀጫጭን ነርቮች በዓይን መለየት አስቸጋሪ ነው፤ አብረዋቸው የሚወርዱት የደም ሥሮች ግን ይታያሉ። የደም ሥሮቹን ምልክት አደረጓቸው። በ1982 ኤፕሪል 26 ቀን፣ በ52 ዓመት ሰው ላይ፣ ነርቮቹን ሆን ብለው እየጠበቁ ፕሮስቴቱን አወጡ። ሰውየው ዓመት ሳይሞላው ወደ ቀድሞ አቅሙ ተመለሰ።

ይህ የካንሰር ታሪክ ነው፤ እኔ ልተርክላችሁ የተነሳሁት ግን ካንሰር ስላልሆነ ዕጢ ነው። ከላይደን የጀመርኩት ያለ ነገር አይደለም። ካንሰር ሲሆን ሐኪሙ የሚያቀርበው ምክንያት አለው፤ ነርቩን የቆረጥኩት ነፍስ ላድን ነው ይላል፤ ብዙ ጊዜም እውነቱን ነው። ካንሰር ያልሆነ ዕጢ ግን በአብዛኛው ነፍስ አያሳድድም። ታካሚው በእግሩ መጥቶ፣ ሽንቱን እየተቆጣጠረ ኦፕራሲዮን ክፍል ገብቶ፣ እግሩን እየጎተተና ሽንት ማውጫ ካቴተር ተሸክሞ ከወጣ፣ ያጎደለው ዕጢው ሳይሆን ምላጩ ነው። ስለዚህ በእኔ አስተያየት የቀዶ ሐኪም ጥበብ የሚለካው በክፉው ዕጢ ሳይሆን በዚህኛው ነው። ምን ያህል አወጣ ብቻ ሳይሆን ምን አስቀረ ተብሎ ይጠየቃልና።

አሁን ወደ ዳሌ እንውረድ። ትልቁ የደም ሥር ለሁለት ከሚከፈልበት በታች፣ ከመጨረሻው የወገብ አጥንት ፊት ለፊት የነርቭ መረብ አለ። ከዚያ ግራና ቀኝ ሁለት ነርቮች ተለያይተው ይወርዳሉ፤ ከኩላሊት ሽንት የሚያመጡት ቱቦዎች ጎረቤቶች ናቸው። የእነዚህ ሥራ ማስቆየት ነው፦ ፊኛው ተዘርግቶ እንዲሞላ ይፈቅዳሉ፣ መውጫውን ያጠብቃሉ፣ በወንድ ላይ ደግሞ ዘሩ ወደ ውጭ እንጂ ወደ ፊኛ እንዳይመለስ ይጠብቃሉ። ሌሎቹ የሚነሱት ከኋላ ነው፤ ከወገብ በታች ካለው ባለ ሦስት ማዕዘን አጥንት፣ ሐኪሞች ሳክረም ከሚሉት። በአጥንቱ ላይ ቀዳዳዎች አሉ፤ ከሁለተኛው፣ ከሦስተኛውና ከአራተኛው ቀዳዳ የሚወጡት ቅርንጫፎች ፊኛው እንዲጨመቅና ሽንት እንዲወጣ፣ ሰገራ እንዲገፋ፣ ብልትም እንዲቆም ያዝዛሉ። ከእነዚሁ ቀዳዳዎች የሚነሳ ሌላ ነርቭ ደግሞ አለ፤ ሰው መሀል ስብሰባ ላይ ሽንቱ መጥቶበት ጥርሱን ነክሶ የሚቋጥረው በእሱ ነው። እግርን የሚያንቀሳቅሰው ወፍራሙ ነርቭም ከፊሉን ከዚሁ ስፍራ ይቀበላል። ይህ ሁሉ የሚያልፈው ማህፀን ወይም ፕሮስቴት፣ ፊኛና የትልቁ አንጀት መጨረሻ በተጨናነቁበት ጠባብ ጎድጓዳ ውስጥ ነው።

ከኋላ የሚነሱትን ነርቮች ሥራ ሳይንስ ካወቀው ቆይቷል። በ1863 ጊሰን በምትባል የጀርመን ከተማ ኮንራድ ኤክሃርድ በውሻ ላይ ሞክረው፣ እነዚህ ነርቮች በኤሌክትሪክ ሲነኩ ብልት እንደሚቆም አሳይተዋል። ከኤክሃርድ ውሻ እስከ ላይደኗ አርብ 118 ዓመት ነው። እንግዲህ ፍረዱ።

የዳሌን ነርቭ ሲጨፈልቁት ምን እንደሚሆን ለማወቅ እኛ ሩቅ መሄድ የለብንም። ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን በ1974 አዲስ አበባ ላይ ወደከፈቱት የፊስቱላ ሆስፒታል ከሚመጡት እናቶች አንዳንዶቹ የሽንቱ መፍሰስ ሳያንሳቸው እግራቸውንም ይጎትታሉ። ለቀናት በቆየ ምጥ የሕፃኑ ጭንቅላት ነርቮቹን ከአጥንቱ ጋር አጣብቆ ስለያዛቸው፣ መዳፈ እግራቸውን ቀና ማድረግ ያቅታቸዋል። ያንን ያደረገው ምላጭ አይደለም፤ ግፊት ብቻ ነው። ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ብረት፣ ሥጋውን ገልጦ የሚይዘው፣ ያለ ቦታው ለሰዓታት ቢጫን ያንኑ ሊያደርግ ይችላል።

ወደ ዕጢው ልመለስ። በዳሌ ውስጥ ካንሰር ያልሆነ ዕጢ ዓይነቱ ብዙ ነው። ሴቶች አዘውትረው የሚሰሙት ማዮማ ነው፤ እሱ በአብዛኛው ማህፀኑ ውስጥ ስለሚቀመጥ ከነርቮቹ ይርቃል። ወደ ማህፀን አንገት ወርዶ ወይም ወደ ጎን ወጥቶ ሲያድግ ግን የሽንት ቱቦውንም ነርቮቹንም ከቦታቸው ይገፋል፣ ያኔ ነገሩ ይከብዳል። ዛሬ የማወራው ግን ከራሱ ከነርቩ ስለሚበቅለው ነው፤ ሽዋኖማ ይባላል።

ስሙ የተወሰደው ከቴዎዶር ሽዋን ነው፤ በ1830ዎቹ መጨረሻ ነርቭን የሚለብሱትን ሴሎች የገለጹ ጀርመናዊ ናቸው። በ1910 ደግሞ ኡራጓይ ተወልደው ፕራግ ላይ ይሠሩ የነበሩት ሆሴ ቬሮካይ፣ ከእነዚህ ሴሎች የሚነሳውን ዕጢ ከሌሎች የነርቭ ዕጢዎች ለይተው ጻፉ። ይህ መለየት የመጽሐፍ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ፤ የታካሚው ፊኛ የተንጠለጠለው በእሱ ላይ ነው። አንድ ነርቭ በውስጡ ብዙ ጥቃቅን ዘለላዎች አሉት። ኒውሮፋይብሮማ የሚባለው ዕጢ ሲሆን ዘለላዎቹ በዕጢው ሆድ ውስጥ ተበታትነው ያልፋሉ፤ ዕጢውን ሙሉ በሙሉ አውጥቶ ነርቩን ማትረፍ ብዙ ጊዜ አይሆንም። ሽዋኖማ ግን የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ከአንዱ ዘለላ ነው። ሌሎቹን ወደ ጎን እየገፋ፣ እያሳሳ፣ በላዩ ላይ እየዘረጋቸው ያድጋል። ሸማኔ ከተወጠረ ድር መሀል የገባ ጭረት ሲያገኝ ድሩን አይቆርጥም፤ ክሮቹን በጣቱ ገለጥ ገለጥ አድርጎ ጭረቱን መዝዞ ያወጣል። የሽዋኖማ ቀዶ ሕክምና እንዲያ ነው፤ ልዩነቱ የሐኪሙ ክር በደንብ አይታይም፣ ደምም ይሸፍነዋል።

በዚህ ላይ አንድ የቆየ ጠብ አለ፤ እሱን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ጠቡ የተነሳው ዳሌ ላይ ሳይሆን ጭንቅላት ውስጥ፣ የመስማትና የሚዛን ነርቩ ላይ በሚወጣው ሽዋኖማ ነው። ከሀያኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ በፊትና በኋላ ቀዶ ሐኪሞች ጣታቸውን ሰደው ያንን ዕጢ ይጎለጉሉት ነበር፤ አብዛኛው ታካሚም ይሞት ነበር። ሃርቪ ኩሺንግ መጡና፣ ተዉ፣ ውስጡን ብቻ ባዶ አድርጉ፣ ቅርፊቱን አትንኩ አሉ። በ1917 ስለ ዕጢው አንድ ሙሉ መጽሐፍ አወጡ፤ የሚሞተውም ሰው በእጅጉ ቀነሰ። ቀድሞ በሥራቸው የሠለጠኑት ዋልተር ዳንዲ ደግሞ በ1922 ተነስተው፣ ቅርፊቱ ከቀረ ዕጢው ተመልሶ ያድጋል፣ ሁሉም መውጣት አለበት አሉ። ኩሺንግ ተቆጡ። ሁለቱም ታላላቅ ሐኪሞች ናቸው፤ ሁለቱም እልኸኞች ነበሩ። በኩሺንግ መንገድ ዕጢው በብዙዎቹ ላይ ተመለሰ፤ በዳንዲ መንገድ የብዙዎቹ ፊት በአንድ ወገን ሽባ ሆነ፤ የፊት ነርቭ ከዕጢው ጋር ተጣብቆ ስለሚሄድ ነው።

ማን ትክክል ነበር? እኔን ከጠየቃችሁኝ ሁለቱም እኩሉን አይተዋል። ዛሬ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ ከእጅ፣ ከእግርና ከዳሌ ነርቭ የሚወጣው ሽዋኖማ ልብስ አንድ አይደለም፤ ድርብርብ ነው። ውጭኛው ሽፋን የነርቩ ነው፣ የተረፉት ዘለላዎች የሚያልፉት በእሱ ውስጥ ነው። ውስጠኛው የዕጢው የራሱ ቆዳ ነው። ሐኪሙ ውጭኛውን ከፍቶ ውስጠኛው ላይ ከደረሰ፣ ዕጢውን ከነቆዳው ፈልፍሎ ማውጣት፣ የነርቩን ልብስ ደግሞ ባለበት መተው ይችላል። ዕጢው በቅርፊቱ ዙሪያ ካለው ጤነኛ ሥጋ ጋር ይውጣ የሚለው ሕግ የካንሰር ሕግ ነው። እሱን እዚህ አምጥቶ ማዘዝ ታካሚውን ማጉደል ነው።

አሁን አንዲት ሴት በሐሳባችን እናምጣ። ስም አንሰጣትም፤ አርባ ዓመት አልፏታል እንበል። ስትቀመጥ መቀመጫዋን ከውስጥ ያማታል። ሽንቷ ቶሎ ቶሎ ይመጣል፣ ሆዷ ይደርቃል። አንዱ የወገብ ዲስክ ነው ይላታል፤ ሌላው የሽንት ኢንፌክሽን ብሎ ኪኒን ይሰጣታል። ይህ የተለመደ ነው፤ ሽዋኖማ በዝግታ ስለሚያድግ፣ የዳሌ አካላትም ገለል እያሉ ቦታ ስለሚለቁለት፣ ዕጢው ለዓመታት ሳይታወቅ ይቆያል። በመጨረሻ አልትራሳውንድ አንድ ነገር ያሳያል፤ ኤምአርአይ ይታዘዛል። ፊልሙ ላይ ከሳክረም ፊት ለፊት ድንበሩ የለየ ክብ ነገር አለ፤ አንዱ የአጥንት ቀዳዳም ሰፍቷል። ዕጢው በዚያ ቀዳዳ ውስጥ ዓመታት እንደተቀመጠ የሚናገረው ይህ መስፋት ነው፤ ክፉ ዕጢ ቢሆን ብዙውን ጊዜ አጥንቱን ይበላዋል እንጂ አለስልሶ አያሰፋውም። የዕጢው ማንነት ካልተረጋገጠ ናሙና በመርፌ ይወሰዳል፤ መርፌው የሚገባው ከኋላ በኩል ነው። በፊንጢጣ በኩል መውሰድ ቀላል ቢመስልም ዕጢውን በጀርም መበከል ስለሆነ አይደረግም።

ሐኪሙ ያስቀምጣትና ያናግራታል።

"ዶክተር፣ ሙሉ በሙሉ ይወጣልኝ?" ትለዋለች።

"እህቴ፣ ላወጣው ነው የምገባው። ነርቩ ግን አልለቅም ካለኝ ጥቂት ትቼልሽ እወጣለሁ። ይህን ዛሬ እንስማማ፤ ያኔ ተኝተሽ ልጠይቅሽ አልችልም።"

ይህችን ንግግር የማይናገር ሐኪም ሲገጥማችሁ እናንተው አንሷት።

ከየት በኩል ይገባ? በ1885 ጀርመናዊው ፓውል ክራስክ ከጭራ አጥንት በኩል፣ ከኋላ፣ ወደ ትልቁ አንጀት መጨረሻ የሚገባበትን መንገድ አስተዋውቀዋል። ዝቅ ብለው የተቀመጡ ዕጢዎች፣ ጣት በፊንጢጣ ገብቶ ላያቸውን የሚነካቸው፣ ዛሬም ከኋላ ይወጣሉ። ከሦስተኛው የሳክረም አጥንት በላይ የወጡት ጋ ግን ከሆድ በኩል ይደረሳል፤ በሁለቱም ወገን ያበጠ ከሆነ ሁለቱም መንገድ ይከፈታል። የእኛ ሴትዮ ዕጢ ከፍ ያለ ነው፤ ከፊት ይገባል።

ኦፕራሲዮን ክፍሉ ውስጥ መጀመሪያ ሥራ የሚጀምረው ቀዶ ሐኪሙ አይደለም። ቀጫጭን መርፌዎች በጭኗ፣ በባቷ፣ በመዳፈ እግሯ ጡንቻዎችና ፊንጢጣን በሚያጠብቀው ጡንቻ ላይ ይሰካሉ፤ ሽቦዎቹ ወደ አንድ ኮምፒውተር ይሄዳሉ። ማደንዘዣ ሰጪው ጡንቻ የሚያዝለውን መድኃኒት ቱቦውን ለማስገባት ብቻ ይሰጣትና ከዚያ በኋላ ያቆማል። ጡንቻው ከዛለ ነርቩ ቢነካም አይመልስምና። ይህን የረሳ ቡድን ዝምታ ሰምቶ ሰላም ነው ብሎ ይቆርጣል።

ነርቭን በኤሌክትሪክ እየነኩ መጠየቅ አዲስ ነገር አይደለም። በ1898 ጁላይ 14 ቀን ፌዶር ክራውዘ የተባሉ ጀርመናዊ፣ ጆሮው ውስጥ የማያቋርጥ ጩኸት ለሚያሰቃየው ሰው የመስማት ነርቩን ሲቆርጡ፣ ጎኑ ያለውን ነርቭ በደካማ ኤሌክትሪክ ነኩት፤ የታካሚው ፊት ተንቀጠቀጠ። ይህኛው የፊት ነርቭ ነው፣ አይነካ ማለት ነው። ዛሬ ያንኑ የሚሠራው ጫፉ ትንሽ የሆነ ዘንግ ነው፤ ፕሮብ ይሉታል።

ሐኪሙ ሆዷን ከፍቶ የሽንት ቱቦውን ይለያል፤ ትላልቆቹን የደም ሥሮች ወደ ጎን ያደርጋል። ዕጢው ከኋላ አብጦ ይታያል፤ ላዩ ለስላሳ፣ ቢጫ ቀላቅሎ። ፕሮቡን ያነሳል። መጀመሪያ ግን ዕጢውን አይነካም፤ የሚያውቀውን ነርቭ፣ ጭንን ወደ ውስጥ የሚሰበስበውን፣ ይነካል። ጭኗ ዘለል ይላል። መሣሪያው ይሠራል ማለት ነው። አሁን በአንድና ሁለት ሚሊአምፔር የዕጢውን ገጽ ይዞራል። ዝም። ዝም። ወደ ግራ ሲሄድ ኮምፒውተሩ አጠገብ የተቀመጠው ባለሙያ "ፊንጢጣ!" ይላል። ወደ ታች ሲወርድ "ባት!" ይላል። እንዲህ እየተባለ ዘለላዎቹ የት የት እንደተዘረጉ ይታወቃል። ምላጩ የሚያርፈው ዝም ባለው ስፍራ ብቻ ነው፤ እሱም በቁመት፣ ዘለላዎቹ በሚሄዱበት አቅጣጫ። በአግድም ከሆነ አንድ ስንዝር ሳይሞላ አሥሩን ሊቆርጥ ይችላል።

ከዚያ ትዕግሥት ነው። ውስጡ ይጎድላል፣ ዕጢው ይሟሽሻል፣ ቆዳው ከነርቩ ልብስ ቀስ እያለ ይለቃል። መጎተት ክልክል ነው፤ የተጎተተ ነርቭ ሳይቆረጥም ይሞታል። ደም ማቆሚያው እሳት ከነርቩ አጠገብ አይለቀቅም፤ በሁለት ጫፎቹ መካከል ብቻ የሚያቃጥል ፒንሳ ይያዛል፣ ውኃም ይረጭበታል። ትልቁ ፍርሃት ከሳክረም ፊት የተኙት ደም መላሾች ናቸው። ከተቀደዱ ወደ አጥንቱ ስለሚሸሹ ተይዘው አይታሰሩም፤ ኩሬ በሞላ ደም መሀል ደንግጦ በጭፍን መቆንጠጥ ደግሞ ነርቭ የሚጠፋበት ሰዓት ነው። ልምድ ያለው ሐኪም ጨርቅ ጨምቆ፣ እጁን ጭኖ ይጠብቃል።

በመጨረሻ አንዲት ቀጭን ዘለላ ወደ ዕጢው ስትገባ ይታያል። በፕሮብ ትነካለች፤ መልስ የላትም። ዕጢው የበቀለው ከእሷ ነው፤ ሥራዋን ካቆመች ቆይታለች። ያለ ጸጸት ትቆረጣለች።

እዚህ ላይ ግን ስለ መሣሪያው አንድ እውነት ልንገራችሁ። ፕሮቡ የሚያገለግለው ጡንቻ ለሚያዝዙ ነርቮች ነው። ፊኛውን የሚያስጨምቁትና የሚያስቆዩት ቀጫጭኖቹ የዳሌ መረቦች ግን ለእሱ በቶሎ አይመልሱም፤ ለእነዚያ ዋናው ጠባቂ የአናቶሚ ዕውቀት ነው። ማርክ ፖሶቨር የሚባሉ የማህፀን ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2005 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በላፓሮስኮፕ ካሜራ አጉልተው እያዩ፣ በኤሌክትሪክም እየነኩ የዳሌን ነርቮች የሚለዩበትን ዘዴ ገልጸዋል። መንገዱ ጥሩ ነው። ይሁንና ካሜራው የሚያሳየው ለሚያውቅ ዓይን ነው፤ ዶንከር በሕፃናት አስከሬን ላይ ያሳለፉት ጊዜ ምትክ አልተገኘለትም።

ከሳክረም ቀዳዳ የሚወጣው የነርቭ ሥር የግድ መቆረጥ ያለበት ሰዓትም ይመጣል። ያኔ የትኛው ይቅር? ለዚህ ጥያቄ ዋጋ የከፈሉት የስዊድን ታካሚዎች ናቸው። በ1970ዎቹ ጎተንበርግ ውስጥ ቤርቲል ስቴነርና ቤርቲል ጉንተርቤርግ በዕጢ ምክንያት ሳክረማቸው የተቆረጠላቸውን ሰዎች ተከታትለው፣ በአንድ ወገንና በሁለቱም ወገን የነርቭ ሥር ሲታጣ ሽንትና ሰገራ ምን እንደሚሆን መረመሩ። የአንድ ወገን ሥሮች ቢታጡ ሌላው ወገን አብዛኛውን ጊዜ ይሸከመዋል። በሁለቱም ወገን ከሁለተኛው ጀምሮ ወደ ታች ከታጣ ግን መቆጣጠር ያከትማል። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሞች በተለይ ለሦስተኛው ሥር ይሳሳሉ፤ ሁለተኛዎቹ ኖረው ቢያንስ አንዱ ሦስተኛ ከተረፈ ተስፋ አለ።

ሴትዮአችን ነቅታለች። ቀኝ እግሯ ደንዝዟል፣ መዳፈ እግሯን ወደ ላይ ማንሳት ያቅታታል፤ ደነገጠች። ሐኪሙ አልደነገጠም፤ ነርቩ ሙሉ መሆኑን በዓይኑ አይቷል፣ ሆዷን ከመዝጋቱ በፊትም በፕሮብ ነክቶ መልስ ሰምቷል። በ1943 እንግሊዛዊው ኸርበርት ሴዶን የነርቭን ጉዳት በሦስት ከፍለውታል፦ ሳይቆረጥ የደነገጠው በቀናት ወይም በሳምንታት ይመለሳል፤ ውስጡ ተበጥሶ ልብሱ የተረፈው በዚያው ልብስ ውስጥ እንደገና ያድጋል፤ ጨርሶ የተቆረጠው ግን ካልተሰፋ ተስፋው የመነመነ ነው። እንደገና የሚያድገው በቀን አንድ ሚሊሜትር ገደማ ይጓዛል። ከሳክረም እስከ ባት ያለውን ርቀት አስሉትና፣ ለምን ሐኪሞች ዓመትና ከዚያ በላይ ጠብቂ እንደሚሉ ይገባችኋል። እስከዚያው ፊዚዮቴራፒ አለ፤ እግሩ እንዳይወድቅ የሚደግፍ ማሰሪያም አለ።

ካቴተሩ ይወጣና ራሷ ሸንታ ትመጣለች፤ ነርሷ ወዲያው በአልትራሳውንድ ፊኛው ውስጥ የቀረውን ትለካለች። ብዙ ከቀረ ካቴተሩ ይመለሳል ወይም በየጥቂት ሰዓቱ ራሷ እያስገባች እንድታወጣ ትማራለች። ይህን የሚያሳፍር አድርገው የሚያወሩ ሰዎች አሉ፤ የሚያሳፍረውስ ሳይለኩ ወደ ቤት መስደድ ነው። ሞልቶ የተወጠረ ፊኛ ጡንቻውም ይላላል፣ ኩላሊቱም ይጎዳል።

አሁን ደግሞ ሌላ ሴትዮ በሐሳባችን እናምጣ። ዕጢዋ ትንሽ ነው፤ በሌላ ምርመራ ሳይታሰብ የተገኘ። አያማትም፣ ሽንቷ ደህና ነው፣ እግሯም ደህና ነው፤ ናሙናው ሽዋኖማ መሆኑን አረጋግጧል። ልጆቿ ይውጣላት ብለው ተሰልፈው መጥተዋል።

"ዶክተር፣ ታዲያ ይዤው ልኑር ነው የሚሉት?"

"አዎ እናቴ። በዓመቱ ኤምአርአይ አንስተን እናየዋለን፤ ካላደገ አንነካውም። ሽንትዎ ከተለወጠ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይምጡ።"

ትልቁ ልጅ ሌላ ሐኪም ጋ ሊወስዳት ፈልጎ ነበር። እርሷ ግን ካርዷን አውጥታ ቀኑን አስጻፈች።